እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለብዙ ዓመታት ሃይስኩል ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ከተማሪ፣ ከወላጅና ከሌሎች መምህራን የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙም አይለዋወጡም። የእኔ መልሶች ግን ተለውጠዋል። ድሮ የሰጠኋቸው አንዳንዶቹ ትዝ ሲሉኝ አፍራለሁ። እነዚህ የአሁኖቹ ናቸው።

ልጁ ጥርት አድርጎ ያነባል። ምን አነበብክ ሲባል ግን ዝም። ምን ሆኖ ነው?

ማንበብ የምንለው ነገር ውስጡ ሁለት ነው። አንደኛው የተጻፈውን ወደ ድምፅና ወደ ቃል መለወጥ ነው። ሁለተኛው ቋንቋውን መረዳት ነው፤ በጆሮ ቢሰሙትም የሚያስፈልገው ማለት ነው። ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን በማባዛት ገለጹት። የመጀመሪያው በሁለተኛው ሲባዛ አንብቦ መረዳትን ይሰጣል አሉ። መደመር አላሉም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ዜሮ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ልጁ ያልገባውን አንቀጽ እናንተ ቀስ ብላችሁ አንብቡለት። ሲሰማው ከገባው ችግሩ ፊደሉ ላይ ነው። ዓይኑ ከቃሉ ጋር ሲታገል ሐሳቡ ያመልጠዋል። ሲሰማውም ካልገባው ችግሩ ቋንቋው ነው፤ ቃላቱ፣ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ወይም ርዕሱ ራሱ። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ቋንቋው ላልገባው ልጅ «ድምፅህን ከፍ አድርገህ ደጋግመህ አንብብ» ማለት ጉንፋን ለያዘው ሰው መነጽር ማዘዝ ነው።

ሃይስኩል ደርሶ ፊደል የሚቸግረው አለ እንዴ?

አለ፤ ስንፍናም አይደለም። የእኛ ፊደል ለአንባቢው ታማኝ ነው። «ለ»ን አንዴ ካወቁት የትም ቢያገኙት «ለ» ነው። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደል 44 ገደማ ድምፆችን ሊጽፍ ይሞክራል። ስለዚህ ፊደሎቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተደርድረው «ኢናፍ» ላይ አንድ ድምፅ፣ «ዞው» ላይ ሌላ፣ «ስሩ» ላይ ደግሞ ሌላ ይሰጣሉ። ቢላዋ ማለት የሆነው «ናይፍ» በኬ ይጀምራል፤ ኬው ግን አይሰማም።

ለነገሩ እኛም ንጹሕ አይደለንም። «አለ» የሚለውን ብቻውን ጽፌ ባሳያችሁ፣ «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? መጥበቅና መላላቱ አይጻፍም። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስታገኙት ግን ሳታስቡት ትለዩታላችሁ። እንግሊዝኛ ላይም «ያነባሉ» የሚለው «ሪድ» እና «አነበበ» የሚለው «ሬድ» አጻጻፋቸው አንድ ነው። የሚለዩት በዙሪያቸው ባለው ቃል ነው። ተማሪው ይህን ችሎታ ከራሱ ቋንቋ ይዞት መጥቷል፤ እንዳለው የነገረው ሰው የለም እንጂ።

መፍትሔው በቀን አሥር ደቂቃ ነው። ቃላቱን በአጻጻፍ ዘመድ ዘመዱን መመደብ፤ «ናይት፣ ላይት፣ ራይት፣ ፋይት» በአንድ ላይ። የሕፃናት መጽሐፍ አትስጡት። የ16 ዓመት ልጅ የድመት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዞ በጓደኞቹ ፊት መታየት አይፈልግም። ቃላቱን ከራሱ የክፍል መማሪያ መጽሐፎች ውሰዱለት።

ስንት ቃል ባውቅ ነው እንደልቤ የማነበው?

ያለ ድጋፍ ለማንበብ ከጽሑፉ 98 በመቶ ያህሉን ቃል ማወቅ ያስፈልጋል ይባላል። ከ50 ቃል አንዱ ብቻ እንግዳ ሲሆን ማለት ነው። ፖል ኔሽን የተባለው የቃላት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰላው፣ ልብ ወለድና ጋዜጣ በዚህ ደረጃ ለማንበብ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። የቃል ቤተሰብ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ። አንዱን ያወቀ ሌላውን አይስተውም።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ቃላት እኩል አይደሉም። በብዛት የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ 2000 ቤተሰቦች ከትምህርታዊ ጽሑፍ ሦስት አራተኛውን ገደማ ይሸፍናሉ። አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር ደግሞ 570 ቤተሰብ ብቻ ይዞ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። «አናላይዝ፣ ኮንሴፕት፣ ሲግኒፊካንት፣ ኢንዲኬት» ዓይነቶቹ ናቸው።

እነዚህ 570ዎቹ ወላጅ አልባ ናቸው። የባዮሎጂ መምህሩ «ፎቶሲንተሲስ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያብራራል። «ኢንዲኬት»ን ግን የሚያብራራ የለም። ባዮሎጂው «ይሄ የእንግሊዝኛ ሥራ ነው» ይላል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ግራመር ላይ ነው። ልጁ ፈተና ላይ የሚወድቀው በ«ፎቶሲንተሲስ» ሳይሆን በ«ኢንዲኬት» ነው።

ታዲያ ዝርዝሩን ልሸምድደው?

ሽምደዳ ስሙ ጠፍቷል እንጂ ጨርሶ ከንቱ አይደለም። ካርድ ላይ ቃሉ፣ በጀርባው ትርጉሙና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፤ ይሠራል። የማይሠራው በአንድ ማታ 50 ቃል አጭቆ ዳግም አለማየት ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ገና እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ የተማርነው በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ዛሬ ያያችሁትን ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ እዩት። በቀን ከ5 እስከ 10 ቃል ይበቃል። ካርድ ላይ የተዋወቃችሁት ቃል ግን ገና ወዳጅ አልሆነም። ወዳጅ የሚሆነው ምንባብ ውስጥ ደጋግሞ ሲያጋጥማችሁ ነው።

ያላወቅኩትን ቃል ሁሉ ዲክሽነሪ ላይ ልፈልግ?

አይሆንም። በየቃሉ የሚቆም ሰው የአንቀጹ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶታል። መጀመሪያ አንቀጹን ሳትቆሙ ጨርሱት። እንግዳውን ቃል በእርሳስ አስምሩበት። ከዚያ ተመለሱና ጠይቁ፤ ይህ ቃል ባይኖር ሐሳቡ ይጠፋል? ሌላ ቦታስ ተደግሟል? ሁለቱም «አይ» ከሆነ እለፉት። የወፍ ስም ከመሰላችሁ «የሆነ ወፍ» ብላችሁ ቀጥሉ፤ የሚከሳችሁ የለም።

አንዳንዱን ቃል ገጣጥማችሁ ታገኙታላችሁ። «ሆፕ» ተስፋ ከሆነ «ሆፕለስ» ተስፋ የሌለው ነው። «ፖርት» የሚለው ሥር መሸከምን ያመለክታል። ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ትራንስፖርት፣ ፖርተብል ሁሉ ከዚያው ነው የተቀዱት።

ዲክሽነሪ በደንብ የሚያስፈልገው ቃላቱን ሁሉ እያወቃችሁ ትርጉሙ እምቢ ሲላችሁ ነው። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ። «ጊቭ አፕ» ግን ወደ ላይ መስጠት አይደለም፤ መተው ነው። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ። እነዚህን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ጉድ ይሆናል።

ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ግን ይጠፋብኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጽሐፎቻችን ለዚህ ነገር በቂ ቦታ ሲሰጡት አላየሁም።

አማርኛ ላይ ግሱ መጨረሻ ነው። ጆሯችን እስከ ጫፍ መጠበቅ ለምዷል። ገላጩም ከስሙ ይቀድማል። «እህቴ ባለፈው ሳምንት የሰጠችኝ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ነው» እንላለን። መጽሐፉ የመጣው ታሪኩን ከሰማን በኋላ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ዘ ቡክ ዛት ማይ ሲስተር ጌቭ ሚ ላስት ዊክ ኢዝ ኦን ዘ ቴብል» ይላል። መጽሐፉ ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ እህት፣ መስጠትና ሳምንት መሃል ይገባሉ። «ኢዝ» ሲደርስ ተማሪው የማን እንደሆነ ረስቶታል። በአጠገቡ ላለው ይሰጠዋል፤ «ሳምንቱ ጠረጴዛው ላይ ነው»። ቀልድ አይደለም፤ ደብተር ላይ ተጽፎ አይቻለሁ።

መላው እርሳስ ነው። «ዛት»፣ «ሁ» ወይም «ዊች» ከስም በኋላ ሲመጣ ቅንፍ ክፈቱ። ዋናው ግስ ሊመጣ ሲል ቅንፉን ዝጉ። እዚህ ላይ ከ«ዛት» እስከ «ዊክ» ማለት ነው። ቅንፍ ውስጥ ያለውን በጣታችሁ ሸፍኑት። የቀረው «ዘ ቡክ ኢዝ ኦን ዘ ቴብል» ነው፤ ይህን ማንም ያነበዋል። ከዚያ ጣታችሁን አንሡና «የትኛው መጽሐፍ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቅንፉ ውስጥ ነው። በቀን ሦስት ረዣዥም ዓረፍተ ነገሮችን ከሳይንስ ወይም ከታሪክ መጽሐፋችሁ እያወጣችሁ ለሁለት ሳምንት ሞክሩት። ከዚያ በኋላ ቅንፉን ዓይናችሁ ራሱ መክፈት ይጀምራል።

አንዳንዴ «ዛት» ጭራሽ ይጠፋል። «ዘ ቡክ ማይ ሲስተር ጌቭ ሚ» ይላሉ። ሁለት ስሞች ያለ አያያዥ ጎን ለጎን ከቆሙ ጠርጥሩ።

ሌላው ጣጣ ተውላጠ ስም ነው። «መጣች» ስንል ሴት እንደሆነች፣ አንድ እንደሆነች ግሱ ላይ አልቋል። እንግሊዝኛው «ኬም» ብሎ ዝም ይላል። ማንነቱን የሚሸከሙት እንደ «ሺ»፣ «ኢት»፣ «ዘይ» ያሉ ትናንሽ ቃላት ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ወደሚያመለክቱት ስም ቀስት አስምሩ። «ዚስ» ደግሞ አንዳንዴ ስምን ሳይሆን ከፊቱ የነበረውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያመለክተው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ አያያዦቹ አሉ። «ሀውኤቨር» ነገሩ ሊገለበጥ ነው ይላል። «ዜርፎር» ውጤቱ መጣ ይላል። «ሲንስ» ሁለት ሥራ አለው፤ አንዳንዴ «ጀምሮ»፣ አንዳንዴ «ስለሆነ»። ከሁሉ የከፋው «አንለስ» ነው። «አይ ዊል ኖት ጎ አንለስ ዩ ካም» ማለት «ካልመጣህ አልሄድም» ነው። አሉታው ቃሉ ውስጥ ተደብቋል። ተማሪ ግን «ከመጣህ አልሄድም» ብሎ ያነበዋል፤ ልክ ተቃራኒውን! ሃያ የማይሞሉ አያያዦችን ጠንቅቆ ማወቅ ሁለት መቶ ስሞችን ከማወቅ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ጊዜ ማባከን አይደለም?

ይህን የሚጠይቁኝ ጎበዝ ተማሪዎችና ጥብቅ ወላጆች ናቸው። እኔም ድሮ እንደነሱ ነበርኩ። ከባድ ምንባብ ስሰጥ ደረጃ የጠበቅኩ ይመስለኝ ነበር። ግን ብስክሌት ዳገት ላይ አይለመድም። ከ20 ቃል አንዱ እንግዳ ሲሆን ማንበቡ ወደ ትግል ይለወጣል። ከዚያ ሲብስ ማንበብ ቀርቶ ቁፋሮ ይሆናል። የሚቆፍር ልጅ በሳምንት ሁለት ገጽ ያነባል። በሁለት ገጽ ደግሞ አንድ ቃል ተደግሞ አይገኝም።

ዋርዊክ ኤሊ እና ፍራንሲስ ማንጉባይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊጂ የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ሙከራ እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ነው። 4ኛና 5ኛ ክፍሎችን መርጠው ለየክፍሉ 250 ያህል ደስ የሚሉ የእንግሊዝኛ ታሪክ መጽሐፎች ሰጡ። ልጆቹ በየቀኑ እንዲያነቡ ጊዜ ተመደበላቸው። የማንበብ ችሎታቸው በተለመደው መንገድ ከተማሩት ዕጥፍ ገደማ በሚሆን ፍጥነት አደገ። ከሃይስኩል ተማሪ ያነሱ ልጆች ናቸው፤ እውነት ነው። እንግሊዝኛ ግን ለእነሱም የቤታቸው ቋንቋ አልነበረም።

ለቋንቋ ተማሪ ተብለው በደረጃ የሚዘጋጁ መጽሐፎች አሉ። ከ400 ያህል ቃል ጀምረው እስከ 2500 የሚወጡ። ለአዋቂ የሚሆን ታሪክ በቀላል ቃል ማለት ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮም እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ብሎ የጀመረው ዝግጅት በ1500 ያህል ቃላት የዓለምን ዜና ያወራ ነበር። ቀላል ቃል ማለት ቀላል ሐሳብ ማለት አይደለም።

ልኩን ለማወቅ ጣት ይበቃል። አንድ ገጽ ክፈቱና እንግዳ ቃል ባያችሁ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱ ከታጠፉ መጽሐፉን ለጊዜው መልሱት። ደግሞ መምህራን፣ እባካችሁ፣ ልጁ በትርፍ ጊዜው ያነበበውን መጽሐፍ 20 ጥያቄ አትለጥፉበት። «ወደድከው? ለማን ትመክረዋለህ?» ይበቃዋል።

ክፍል ውስጥ ምንባብን እንዴት ላስተምር?

«ምንባቡን አንብባችሁ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ጥያቄዎች መልሱ።» ለዓመታት ያስተማርኩት እንዲህ ነበር። አሁን ሳስበው ማስተማር አልነበረም፤ መፈተን ነበር። በየሳምንቱ ፈተንኳቸው። እንዴት እንደሚነበብ ግን አንድ ቀን አላሳየኋቸውም።

ያባነነኝ አንድ ጨዋታ ነው። ይህን አንብቡ፦ «ብርጉቱ ትናንት ማለዳ ሦስት ጭልፈሎችን ጠረፈሸ።» አሁን መልሱ። ማን ጠረፈሸ? መቼ? ስንት ጭልፈል? አሥር ከአሥር አገኛችሁ። ምንም አልገባችሁም። ቃላቱን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ላይ ሲያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። የጥያቄውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልገው፣ አጠገቡ ያለውን ገልብጠው ይሄዳሉ። እኔም አርሜ «ጎበዝ» እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ፓሊንክሳር እና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቁትን ዘዴ ነው። እነሱ የሞከሩት ድምፅ አውጥተው በሚያነቡ፣ ግን በማይረዱ የ7ኛ ክፍል ልጆች ላይ ነበር። አራት ተማሪ በአንድ ቡድን ይቀመጣል። አንድ አንቀጽ ይነበባል። አንዱ ያጠቃልላል፣ አንዱ ጥያቄ ያወጣል፣ አንዱ ያልገባውን ያጣራል፣ አንዱ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። ቀጣዩ አንቀጽ ላይ ተራ ይቀያየራሉ። መጀመሪያ መምህሩ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፤ ቀስ በቀስ ለእነሱ ይለቃል።

ሠርቶ ማሳየት ስል ሐሳብን ጮክ ብሎ ማሰብ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆሜ እንዲህ እላለሁ፦ «እዚህ ጋ ጠፋብኝ። ይሄ ‹ዘይ› እነማን ናቸው? ወደ ላይ ልመለስ። አሃ፣ ገበሬዎቹ ናቸው።» ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። መምህርም ይጠፋበታል እንዴ? ይጠፋበታል! ልዩነቱ ሲጠፋበት የሚያደርገውን ማወቁ ነው።

የመጀመሪያው ወር ይንጫጫል፤ ሰዓትም ይበላል። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም ቡድን መከታተል አይቻልም። በቀን ሁለት ቡድን ጋ ተቀመጡ፤ ሌላውን ተዉት።

ከማንበባቸው በፊት ርዕሱን በራሳቸው ቋንቋ ባወያያቸው ችግር አለው?

ጭራሽ። ሬክት እና ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በ64 ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት እወደዋለሁ። ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ አስነበቧቸው። በማንበብ ደካማ የተባሉት ግን ቤዝቦል የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ቤዝቦል ከማያውቁት የተሻለ አስታወሱ። ርዕሱን ማወቅ ይህን ያህል ይረዳል። አምስት ደቂቃ በአማርኛ «ስለዚህ ምን እናውቃለን?» ብሎ መነጋገር የሚያስቀጣ ጥፋት አይደለም፤ ዝግጅት ነው። ማንበቡ ራሱ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይሻላል ወይስ በልብ?

ለመረዳት በልብ። ለቅልጥፍና ድምፅ አውጥቶ፤ ያውም አንድን አጭር አንቀጽ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ፣ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋር። ተማሪን በድንገት አስነሥቶ በ50 ሰው ፊት ማስነበብ ግን ማቆም ያለብን ልማድ ነው። አንባቢው ይፈራል። ሌሎቹም አይሰሙትም፤ የየራሳቸውን ተራ እየቆጠሩ ነው።

በጣም ቀርፋፋ አንባቢ ነኝ። ፍጥነት እንዴት ልጨምር?

ማርክ ብሪስባርት እ.ኤ.አ. በ2019 የ190 ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያነብ አዋቂ ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍን በደቂቃ 238 ቃል ያህል እንደሚያነብ አገኘ። በቋንቋው ያደጉት እንኳን ከዚህ ብዙም አይሮጡም። ስለዚህ በደቂቃ 1000 ቃል እናስነብባችኋለን የሚሉ ማስታወቂያዎችን ዝም ብላችሁ እለፏቸው። ፍጥነት የሚመጣው ቀላል ነገር በብዛት ከማንበብ ነው። የአሁኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ደቂቃ አንብባችሁ ቃላቱን ቁጠሩ። 80 ወይም 100 ቢሆን አትደንግጡ።

ስልክ ላይ ማንበብስ? የትርጉም መተግበሪያውስ?

ስልክ ላይ ማንበብ ካለማንበብ ይሻላል። ለጥናት የሚሆን ረዘም ያለ ጽሑፍ ግን ወረቀት ላይ ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው ሰዎች በተለይ ሰዓት ሲያጥራቸው ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ላይ የተሻለ ይረዳሉ። ትርጉሙን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቃል ወይም አንድ እምቢ ያለ ዓረፍተ ነገር ለማየት ይጠቅማል። ሙሉ ምንባቡን አስተርጉሞ በአማርኛ ማንበብ ግን ሌላ ሰው ስፖርት ሲሠራ ቆሞ ማየት ነው።

እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ልጄን በምን ልርዳው?

እርስዎ እንግሊዝኛውን ባያውቁትም ልጅዎ አንብቦ ሲጨርስ «እስቲ ንገረኝ» ይበሉት። በእናት ቋንቋው ይተርክልዎት። ሲተርክ የሚደናቀፍበት ቦታ ያልገባው ቦታ ነው፤ ራሱም እዚያው ላይ ይነቃበታል። «ለምን እንደዚያ አደረገ? ከዚያስ?» እያሉ ይጠይቁት። አላዋቂ ሆኖ መጠየቅ እዚህ ቤት ውስጥ ጥቅም አለው፤ ልጁ የሚያስረዳው ሰው አገኘ ማለት ነው።

ፈተና ላይ ሰዓት ያልቅብኛል፤ ምርጫዎቹም ሁሉ እውነት ይመስሉኛል።

ርዕሱን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ በፍጥነት እዩ። ቀጥሎ ጥያቄዎቹን እዩ፤ ምርጫዎቹን ግን አይደለም። ከዚያ ወደ ንባቡ ግቡ። «ኖት» ወይም «ኤክሰፕት» ያለበትን ጥያቄ አክብቡ፤ ስንቱ ጎበዝ እዚያ ላይ ወድቋል። ዋና ሐሳብ ሲጠየቅ ወጥመዱ ውሸት የሆነው ምርጫ አይደለም። እውነት ሆኖ ስለ አንድ አንቀጽ ብቻ የሚያወራው ነው። «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር»፣ «ኦንሊ» ያለበትን ምርጫ ምንባቡ እንደዚያ አክርሮ ካልተናገረ ተጠራጠሩት። የመረጣችሁትን መልስ ደግሞ «በየትኛው መስመር?» ብላችሁ ጣታችሁን አኑሩበት። ጣት የሚያርፍበት መስመር ከሌለ መልሱ ከምንባቡ ሳይሆን ከራሳችሁ ዕውቀት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ጂም ከሚንስ በስደተኛ ልጆች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በአዲሱ ቋንቋ ለዕለት ተዕለት ጨዋታ ሁለት ዓመት ገደማ ይበቃል። የትምህርት ቋንቋውን ከእኩዮች እኩል ለመያዝ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ያውም ቋንቋው በዙሪያቸው እየተነገረ። ስለዚህ «በሦስት ወር» የሚላችሁን አትመኑ።

ሒሳቡን ግን እንሥራው። በደቂቃ 100 ቃል የሚያነብ ተማሪ በ15 ደቂቃ 1500 ቃል ያነባል። በዓመት 200 ቀን ቢያደርገው 300000 ቃል ነው። የክፍል ምንባቦች ብቻቸውን እዚህ አጠገብ አያደርሱም። ደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑንና ያነበባችሁትን ገጽ ብዛት መዝግቡ። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግሥቱ 30 ደቂቃ አታድርጉት። 15ቱን ብቻ አንብቡ።